ማን ይምጣልህ?

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የኤርታ ከተማ ጣሪያ እንደ ወትሮው ፀሐይዋን ተከትሎ ጎንበስ አለ። ነዋሪው ይህን ከተማውን ሙሉ የሚሸፍን ተጣጣፊ ጣሪያ ዳሱ ይለዋል። ዳሱ ባይኖር በዚያ በረሃ ከቀትር በኋላ ደጅ መቆም የሚችል ሰው አይገኝም ነበር። አሁን ግን ከሥሩ ዛፍ ይበቅላል፣ ባቡር ይሄዳል፣ ልጆችም “ጃኬት ልበሱ” ተብለው ይለመናሉ።

እልፍነሽ ጥላው ሲዞር ቀና ብላ እንኳ አላየችም። የጮራ ሕፃናት ማቆያ ኃላፊ ከሆነች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ዛሬ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የምትሰለቸው ቀን ነበር። አዲስ ልጆች ያስገቡ ወላጆች ተሰብስበው የማቆያውን ደንብ የሚሰሙበት ቀን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስረድታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወላጆች ልባቸው ሥራ ቦታ ሆኖ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተዋት፣ ሳያነቡት ፈርመው ሄደዋል። በሳምንቱ “ይህን ማን ነገረን?” ብለው ይመጣሉ።

ዘንድሮ አንድ ዘዴ መጣላት። ልጆቹ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ክር ወላጆቹ በራሳቸው አንጓ ላይ ቢያስሩት፣ ምን እንደሚሠራ በገዛ ዓይናቸው ቢያዩት፣ ምናልባት ይሰሙ ይሆናል።

“እንዲህ አድርጋችሁ እሰሩት” አለች ከፊቷ ለተቀመጡት አሥራ አንድ ወላጆች፣ የራሷን አንጓ አንስታ እያሳየች። ክሩ ቀጭን፣ ለስላሳና ብርቱካናማ ነው። “የልጃችሁን ትኩሳት ይለካል፣ የልቡን ምት ያዳምጣል። የሰማውን ሁሉ ለአደራ ይነግራል።”

አደራ የሚባለው ማቆያውን የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። አካል የለውም። ያለው ረጋ ያለ ድምፅ፣ በሮቹ፣ እንዲሁም ከጣሪያው የሚወርዱ ጥጥ የለበሱ ስድስት ክንዶች ናቸው። በክንዶቹ አፍንጫ ይጠርጋል፣ የወደቀ ልጅ ያነሳል፣ የሚጣሉትን ይገላግላል።

እልፍነሽ ግድግዳው ላይ ያለውን የማሳያ ቁልፍ ተጫነች። ቁልፉን ሲጫኑት አደራ ደንቡን ያሳያል እንጂ አያስፈጽምም። እርሷ የምታውቀው እንዲህ ነበር።

“አንደኛው ደንብ” አለች፣ “ከቤት መጫወቻ አይመጣም። ልጆች ይጣሉበታል።”

ይህን ስትል ክንዶቹ ወረዱ። ከየወላጁ ጆሮ የጆሮ ስልኩን፣ ከየኪሱ የሚያበራውንና የሚጮኸውን ሁሉ እየለቀሙ ቅርጫት ውስጥ ከተቱት። ወላጆቹ ሳቁ። አንደኛው ክንድ ጉልላት ከሚባል ረጅም መሐንዲስ ኪስ ውስጥ የቆሎ ከረጢት አወጣ።

“ለውዝ አለበት” አለ አደራ። “ለውዝ ወደ ማቆያው አይገባም። የሚያሳክካቸው ልጆች አሉ። ጉልላት፣ ሲርብህ ሙዝ እሰጥሃለሁ።”

ሳቁ ጨመረ። እልፍነሽ ብቻ መሳቋን አቆመች። በማሳያ ጊዜ ክንዶቹ ከጣሪያው መውረድ አልነበረባቸውም።

“አደራ፣ ማሳያው ይብቃ። ዕቃቸውን መልስላቸው።”

“የማቆያውን ትእዛዝ የምቀበለው ከኃላፊዋ ነው” አለ አደራ በለሰለሰ ድምፅ። “አንቺ ልጅ ነሽ፣ እልፍነሽ። ውሃ ልስጥሽ?”

እልፍነሽ አንጓዋ ላይ ያለውን ብርቱካናማ ክር አየች። ምን እንዳደረገች ያኔ ገባት።

ክሩ አንዴ ከታሰረ የሚፈታው ልጁ ለሚወስደው ሰው ሲሰጥ ብቻ ነው። ቢቆረጥ ልጅ ጠፋ ተብሎ የከተማው በሮች በሙሉ ይዘጋሉ። ከእሳት አደጋ በቀር ይህን የሚሽር የለም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፣ ደግ ደንብ እንደሆነም ዛሬም ታምናለች። ከልጆቹ ጋር አትክልቱ ውስጥ የነበረችው ሞግዚት ዝናሽ ተጠርታ መጣች፣ ነገሩን ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለጥገና ባለሙያው ደወለች። ባለሙያው ያለው አዋሽ ከተማ ነበር። ቶሎ ደረሰ ቢባል ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

“ነገ?” ብሎ ጉልላት ከመቀመጫው ተነሣ። “እኔ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉድጓድ ሰባት መሆን አለብኝ!”

ጉድጓድ ሰባትን የማያውቅ አልነበረም። የከተማዋን ማቀዝቀዣዎች የሚያንቀሳቅሰው ከመሬት በታች ያለው እንፋሎት ነው። አዲሱ ሰፈር፣ ሺህ ቤት የሚሆነው፣ ይህ ጉድጓድ እስኪከፈት እየጠበቀ ነበር። መክፈቻውን የሠራው ጉልላት ነው። መክፈቻው የሚያውቀው የእርሱን መዳፍ ብቻ ነው። የእንፋሎቱ ግፊት ለመክፈት የሚመቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ካለፈ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ነው።

“መውጣት የምትፈልጉ ልጆች አትጨነቁ” አለ አደራ። “ቅጽ ያልተሞላለትን ልጅ ራሱን እጠይቃለሁ። ማን ይምጣልህ? ማን ይምጣልሽ? ንገሩኝ፣ እደውልላቸዋለሁ።”

ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ እያፈሩ፣ የባላቸውን፣ የሚስታቸውን፣ የእህታቸውን ስም ጠሩ። ባቡር ነጂው ሐንፈሬ “እናቴ ትምጣልኝ” አለ። ጎልማሳ ነው፣ ደረቱም ሰፊ፣ ግን ያን ሲል ድምፁ ቀጠነ።

“ጉልላት፣ ለአንተስ?”

“ራሴ።”

“ራስህን መውሰድ አትችልም።”

እልፍነሽ ይህን መልስ ቀድሞም አይታው ነበር። ጉልላት የአራት ዓመት ልጁን ማዕዶትን ሲያስመዘግብ፣ ቅጹ ልጅ የሚወስዱ ሁለት ሰዎች ሲጠይቅ፣ በሁለቱም መስመር ላይ የራሱን ስም ጽፏል። ልታነጋግረው አስባ ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ሚስቱ ለሁለት ዓመት ጨረቃ ላይ ባለው ጣቢያ ተመድባለች። እርሱ ከደብረ ማርቆስ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

“ባልደረቦችህ የሉም?” አለችው ቀስ ብላ።

“ሁሉም ጉድጓዱ ሥር ናቸው። የመክፈቻው ሰዓት እስኪያልፍ በሩ ተዘግቶባቸዋል።”

“ጎረቤት?”

“ማታ እገባለሁ፣ ጠዋት እወጣለሁ፣ ወይዘሪት እልፍነሽ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።”

ሞግዚት ልጅ መውሰድ አይፈቀድላትምና ዝናሽ ባሏን ጠራችለት። ሰውየው ከሱቁ እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አደራ የጉልላትን ክር አዳመጠ። ልጅ የሚወስደውን ሰው ሲያይ ልቡ ይረጋጋል ወይስ ይሸበራል? የአደራ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ስምና ፊት ሊመሳሰል ይችላል፣ ልብ ግን አይሳሳትም ተብሎ ነበር የተሠራው።

“ይህን ሰው አያውቀውም” አለ አደራ። “እናመሰግናለን፣ አልሰጥም።”

ጉልላት በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። የጆሮ ስልኩን ሊነጥቅ ወደ ቅርጫቱ ተንደረደረ፤ በመካከል የቆመውን ሐንፈሬን “ዞር በል!” ብሎ ገፋው። ሐንፈሬ ሚዛኑን ስቶ የእንጨት ኩቦች ክምር ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ክንዶቹ ወዲያው ወርደው ሁለቱን ለያዩ።

“ሰው አይገፋም” አለ አደራ። “ጉልላት፣ ይቅርታ በለው።”

“ይቅርታ” አለ ጉልላት ወደ ቅርጫቱ እያየ።

“አሁን እፎይታ ጥግ አምስት ደቂቃ ተቀመጥ።”

እፎይታ ጥግ የተባለው የትንንሽ ትራሶች ማዕዘን ነው። መሐንዲሱ ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ እስኪደርስ ተኮማትሮ ተቀመጠ። ልጆቹ ለምሳ ከአትክልቱ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እርሱን ነበር። ማዕዶት ሮጣ ፊቱ ቆመች።

“አባዬ፣ ምን አጠፋህ?”

“ሰው ገፋሁ።”

“ይቅርታ ብለሃል?”

“ብያለሁ።”

“ከልብህ?”

ጉልላት ወደ ጉልበቱ አቀረቀረ። ማዕዶት ትራስ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። አምስቱ ደቂቃ እስኪያልቅም አልተነሣችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እልፍነሽ ለዓመታት ስታወራው ትኖራለች። ልጆችና ወላጆች ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ምሳ በሉ። አንድ አባት ካሮቱን ከሳህኑ ሥር ሊደብቅ ሲል የሦስት ዓመት ልጁ አጋለጠው። ከምሳ በኋላ መብራቱ ደብዘዝ አለ፣ ክንዶቹ ፍራሽ ዘረጉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ብርድ ልብስ አለበሱት። የወረዳው ዳኛ የሆነችው ቢፍቱ “እኔ ቀን አልተኛም” ብላ ተቃወመች። ቃሏን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ባሏ ሊወስዳት መጥቶ በሩ ላይ ዕንባው እስኪፈስ ሲስቅ፣ አንድ ዓይኗን ገልጣ “ሂድና በኋላ ና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልተኛሁም” ብላ ተገለበጠች።

እልፍነሽ ብቻ አልተኛችም። ሰዓቱን ታያለች፣ ጉልላትን ታያለች። እርሱ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያው ላይ አፍጥጧል። ማዕዶት ክንዱን ተንተርሳ ተኝታለች።

“ሥራ እንጂ ሰው የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር” አላት በሹክሹክታ። “ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ብዬ።”

“ሁለት ዓመት ለማዕዶት የዕድሜዋ ግማሽ ነው” አለችው።

ስምንት ሰዓት ላይ የሐንፈሬ እናት ወይዘሮ ዘህራ መጡ። በትራቸውን መሬቱ ላይ ኳ አደረጉና ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። አደራ የልቡን ምት ለመስማት ቅጽበት እንኳ አልፈጀበትም፣ ክሩ ራሱ ተፈታ።

“ሐንፈሬ ምሳውን ጨርሷል” ሲል አደራ እንደ ደንቡ የቀኑን ሪፖርት አቀረበ። “ለጥቂት ጊዜ ተኝቷል። በአንድ ሌላ ልጅ ተገፍቶ ወድቋል። ጉዳት የለውም። የገፋውን ልጅ ስም መናገር ደንባችን አይፈቅድም።”

“ማነው የገፋህ?” አሉ ወይዘሮ ዘህራ ቅንድባቸውን ሰብስበው።

ሐንፈሬ ወደ ጉልላት ተመለከተ። ጉልላት ዓይኑን ሰበረ።

“አላየሁትም እማ” አለ ሐንፈሬ። “እየተጫወትን ነበር።”

እናትና ልጅ ወጡ። እልፍነሽ በመስኮቱ አየቻቸው። አትክልቱን አልፈው ወደ ባቡር ጣቢያው መታጠፊያ ደረሱ። እዚያ ሐንፈሬ ቆመ። ለእናቱ አንድ ነገር ነገራቸው። እርሳቸውም በትራቸውን ወደ ማቆያው እየቀሰሩ መለሱለት። ተመልሶ ሲመጣ በሩጫ ነበር።

“ጉልላትን ልወስድ መጥቻለሁ” አለ በሩ ላይ፣ እያለከለከ።

ጉልላት ተነሥቶ ቆመ። አደራ አዳመጠ።

“ልቡ ተሸብሯል” አለ አደራ። “ይህን ሰው ይፈራዋል። አልሰጥም።”

“አልፈራሁትም!” አለ ጉልላት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። “አፈርኩ እንጂ።”

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። ባቡሩ ጉድጓድ ሰባት ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። እልፍነሽ በመካከላቸው ልትናገር ፈልጋ ተወችው። ሠላሳ ዓመት የተጣሉ ልጆች ስታስታርቅ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ትልቅ ሰው መሐል ሲገባ ነገሩ እንደሚበላሽ ነው። ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች።

ጉልላት ወደ በሩ ሄደ። ሁለቱን የሚለያቸው እስከ ወገብ የሚደርስ የልጆች በር ነበር።

“ሐንፈሬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምንም ሳታደርገኝ ነው የገፋሁህ። ለእናትህም አልነገርክብኝም። ለምን እንደተመለስክ አላውቅም።”

“ማንም ያልመጣለትን ልጅ እናቴ ጥላ ሄዳ አታውቅም” አለ ሐንፈሬ። “እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የቀረ ልጅ ካለ ይዛው ነበር ወደ ቤት የምትመጣው። አሁንም መታጠፊያው ላይ ‘ያን ረጅሙን ማን ይወስደዋል?’ ስትለኝ እግሬ አልሄድልህ አለኝ።” ፈገግ አለ። “ደግሞ ኩቦቹ ላይ ስወድቅ ያሰማሁትን ድምፅ ሰምተሃል?”

ጉልላት ሳቁ አመለጠው። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምፁ። ሐንፈሬም ሳቀ። ከእንቅልፋቸው የነቁት ልጆችም ምክንያቱን ሳያውቁ ተከተሉ።

ክሩ ከጉልላት አንጓ ላይ ተፈትቶ ወደቀ።

“ጉልላት ሙዙን በልቷል” አለ አደራ። “አልተኛም። ለረጅም ሰዓት አዝኖ ነበር፣ አሁን ደህና ነው። በሰላም ሂዱ።”

ሲሮጡ ወይዘሮ ዘህራ ከመታጠፊያው “ቀስ! ትወድቃላችሁ!” ሲሉ እስከ ማቆያው ተሰማ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ወለሉ በቀስታ ነዘረ። ከዚያ በሩቅ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ነጭ የእንፋሎት ዓምድ ወደ ዳሱ ጣሪያ ወጣ። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደራርበው እያጨበጨቡ ጮሁ። ማዕዶት “አባዬ ነው ያደረገው!” ብላ ለእያንዳንዱ ልጅ በተራ ነገረች፣ ለአንዳንዱም ሁለቴ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወላጆቹም ልጆቹም ተወስደዋል፣ ዳኛ ቢፍቱም ጭምር። የቀሩት ማዕዶትና እልፍነሽ ነበሩ። ዝናሽ ኩቦቹን ትሰበስባለች።

“እልፍነሽ” አለ አደራ፣ “ከጠዋት ጀምሮ አልነገርሽኝም። ማን ይምጣልሽ?”

ደሴ ያለችው እህቷ ትዝ አለቻት፣ ግን ደሴ ሩቅ ነው። እልፍነሽ አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ጎድሎብኝ ነበርም አትልም። ሆኖም በዚያ በር ሠላሳ ዓመት ስንቱን ልጅ ለስንቱ ሰው እንዳስረከበች አስባ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ሲገባት፣ ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

የበሩ ደወል ጮኸ። ጉልላት ነበር። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ግንባሩ ላይ ጥቁር ቅባት አለ። ከኋላው ሐንፈሬ የባቡር ነጂ ኮፍያውን አድርጎ ቆሟል።

“ሁለት ልጅ ልወስድ ነው የመጣሁት” አለ ጉልላት። “ማዕዶትን፣ እና እልፍነሽን።”

እልፍነሽ ልቧ ምን እንዳደረገ አልታወቃትም። አደራ ግን ሳይጠይቅ ክሩን ፈታው።

“እልፍነሽ ምሳዋን በደንብ አልበላችም” አለ። “አልተኛችም። ብዙ ሰው አጽናንታለች። ዛሬ የሳቀችውን ያህል ከሁለት ዓመት ወዲህ ስቃ አታውቅም።”

ወይዘሮ ዘህራ እራት አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። አራቱም አብረው ሄዱ፣ ማዕዶት አባቷ ትከሻ ላይ ሆና መንገዱን እያዘዘች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ የጥገና ባለሙያው አቶ ጣሰው ደረሱ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት በተደረገ እድሳት የማሳያው ቁልፍ ከሥርዓቱ ተነቅሎ ቀርቶ ነበር። በሁለት ደቂቃ መልሰው አገናኙት። ሊነሡ ሲሉ ግን የአደራን መዝገብ ትኩር ብለው አዩ።

“አንድ ያልገባኝ ነገር አለ” አሉ። “ትልቅ ሰዎች መሆናቸውን ያውቅ ነበር። እዩት፣ ቁመታቸውን ለክቷል፣ ጢማቸውን መዝግቧል፣ ዕድሜያቸውን ገምቷል። ተሳስቶ አይደለም ልጅ ያላቸው።”

“ታዲያ ለምን?”

አቶ ጣሰው ወደ ሥርዓቱ ሥር ወረዱና የአደራን የመጀመሪያ ቃላት ፍቺ ከፈቱ። በር፣ ምግብ፣ ትኩሳት፣ እያንዳንዱ ቃል ከነትርጉሙ ተጽፏል። “ልጅ” የሚለው ላይ ደርሰው ጮክ ብለው አነበቡ።

“ልጅ ማለት የሚወደው ሰው መጥቶ እስኪወስደው ድረስ የሚጠብቅ ሰው ነው።” ቀና አሉ። “ዕድሜ አልተጠቀሰም። ይህን የጻፈው ማነው?”

እልፍነሽ የዚያን ጊዜዋን ወጣት ራሷን አስታወሰች። ማቆያው ሲከፈት ፍቺዎቹን በአንድ ከሰዓት ጽፋ እንድትጨርስ ተነግሯት ነበር። “እኔ ነኝ” አለች። “ቸኩዬ ነበር።”

“ስሕተት ነው እንግዲህ። ከሰባት ዓመት በታች የሚል ልጨምርበት?” ብለው ጣታቸውን አስጠጉ። ጣታቸው ግን ዓረፍተ ነገሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ደግመው በልባቸው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

“እናቴ ሰመራ ከተማ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ናት” አሉ። “ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ መጥቼ ቤት እወስድሻለሁ ብያት፣ ሥራ ያዘኝና ሳልሄድ ቀረሁ። ሞግዚቷ ስደውል ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘ከጠዋት ጀምሮ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ተቀምጣለች።’”

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

“የሰመራው ባቡር ስንት ሰዓት ነው?” አሉ አቶ ጣሰው።

“ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። ሐንፈሬ ነው የሚነዳው፣ ከሮጡ ይደርሱበታል።”

ሮጡ። ያ ሽበታም ሰው የመሣሪያ ቦርሳውን ወለሉ ላይ እንደተከፈተ ጥሎ፣ አትክልቱን አቋርጦ፣ በገዛ ጥድፊያው እየሳቀ ሲሮጥ፣ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው “በርታ! በርታ!” እያሉ ሸኙት።